ያላየሁትን ቁጥር የጻፍኩበት ሳምንት

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ኮረብታ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን እኖር ነበር። ክፍሏ የመሥሪያ ቤቱ ነች። መሥሪያ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አጥር፣ የጥበቃ ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ መሃል ላይ ደግሞ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ግዙፍ ነጭ ዲሽ። ድሮ የውጭ አገር ስልክ የሚያልፍበት ነበር አሉ። ዘመኑ ሲያልፍበት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ተረከቡትና ሰማይ መስሚያ አደረጉት።

የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያወቅሁትን ያወቅሁት ሰው ጥሎት ከሄደ መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን ወለል ስወለውል ሄለን የምትባል የማስተርስ ተማሪ አየችኝ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ቆሜ እያነበብኩ ነበር። «ይገባሻል?» አለችኝ። አይገባኝም አልኳት። «ነይ ተቀመጪ» አለች። ሦስት ወር ሙሉ፣ ሥራዬን ስጨርስ፣ አጠገቧ እየተቀመጥኩ ተማርኩ።

ያስተማረችኝን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የመጣብኝ ነገር አይገባችሁም።

ከእኛ ጋላክሲ ውጭ፣ ብርሃን እንኳን ሲጓዝ ዘመናት ከሚፈጅበት ቦታ፣ የሬዲዮ ሞገድ የሚልኩ አካላት አሉ። ዲሹ ያንን ሞገድ ይሰበስብና ጥንካሬውን በቁጥር ያሳያል። እኛ በየቀኑ የምንለካው ሁለቱን ነበር። አንደኛዋ ግራና ቀኝ ክንፍ የዘረጋች፣ እጅግ በጣም ሰፊ ነች። ሁለተኛዋ ግን ኃይሏ ሁሉ መሃሏ ላይ ካለች ጠባብ ቦታ የሚወጣ ነው። ሄለን ሰፊዋን «ምስክር»፣ ጠባቧን «ትንሿ» ትላቸው ነበር።

ለምን ምስክር እንዳለቻት ስጠይቃት የጫንጮን ገበያ አነሳችልኝ። «በገበያው በዚህ ጫፍ አንድ ወሬ ተነሳ እንበል። ወሬው በሰው አፍ እየተላለፈ እዚያኛው ጫፍ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል አይደል? ገበያው በሰፋ ቁጥር ሁሉም ሰው ሰምቶ እስኪነሳ ይዘገያል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ብድግ ካለ ግን እሱ ገበያ አይደለም፤ አንዲት ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ነው።» ሰማይ ላይ ወሬውን የሚያደርሰው ብርሃን ነው፤ ከብርሃን የሚፈጥን የለም። ምስክር በጣም ሰፊ ስለሆነች በእኛ ዕድሜ አትለወጥም። ትንሿ ግን ልትለወጥ ትችላለች። ምስክር እንዳለች ሆና ትንሿ ከተለወጠች፣ ለውጡ የሰማዩ ነው። ሁለቱም አብረው ከተለወጡ ጥፋቱ የማሽኑ ነው።

«አንድ ቀን ትነሳለች» አለችኝ ሄለን ስለ ትንሿ። «መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ያን ቀን የሚያያት ከሌለ ግን እንዳልተነሳች ነው።»

ሄለን ተመርቃ ጅማ ሥራ አገኘችና ሄደች። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ልኬቱን በራሱ የሚመዘግበው ኮምፒውተር ተቃጠለ። ሌላ እስኪመጣ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው አስፈለገ። ኃላፊው ዶክተር ሰይፈ ከአዲስ አበባ በየቀኑ መመላለስ አይችሉም። ሄለን ስልክ ደውላ «አስካለ ትችላለች» አለቻቸው። እንዲህ ሆኖ መጥረጊያውን ሳልለቅ ደብተሩ እጄ ገባ። በየቀኑ ሁለቱ ሰማዩ ላይ ከፍ በሚሉበት ሰዓት፣ በዚያ ሰሞን ከሰዓት በኋላ፣ ዲሹን አዞራለሁ፣ ትንሿን አነባለሁ፣ ምስክርን አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ሰኞ ሰኞ ማታ የሳምንቱን ለዶክተር በስልክ አነባለሁ። አሥራ አራት ወር። ትንሿ አርባ አንድ፣ አርባ፣ አርባ ሁለት። ምስክር ሰማንያ ስምንት። ሁልጊዜ።

ሰው ሲርቃችሁ ቁጥርም ዘመድ ይሆናል። ያን ጊዜ ከእህቴ ጋር ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር ሳንነጋገር። ያደግነው ሰበታ ነው፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ታላቄ እትዬ ዘውዴ ናት ያሳደገችኝ። ባሌን ትቼ የወጣሁ ጊዜ ግን «ትዳሩን የበተንሽው አንቺ ነሽ፤ ደጄን እንዳትረግጪ» አለችኝ። እኔም ግትር ነኝ፤ አልረገጥኩም። ባሏ ጋሽ ከበደ ብቻ በየበዓሉ ከቤት ወጥቶ በስልክ እንኳን አደረሰሽ ይለኝ ነበር። ከኋላው መኪና ሲያልፍ እሰማለሁ፤ መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚደውል አውቃለሁ።

አንድ ሐሙስ ማታ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የእህቴ ጎረቤት ነበረች። ጋሽ ከበደ ማረፉን ነገረችኝ፤ ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው አለች።

ዓርብ ጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። የበሩ ጥበቃ ኦቦ ቶሎሳ ሁኔታዬን አይተው ማን እንደሞተ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ሂጂ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ ብረት የትም አይሄድም።» ለዶክተር መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። አንድ ጊዜ «ካልተመቸሽ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው እልካለሁ» ብለውኝ ነበር። የላኩት ሰው በዚያው ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ አንድ ቀን ነው፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ አልኩ።

ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ አስኮ፣ ከአስኮ እህቴ ወደምትኖርበት ቡራዩ። ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት። እህቴ ከሴቶቹ መሃል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አየችኝ፤ ፊቷን መለሰች። ከቀብር ተመልሰን እዚያው አንድ ጥግ ተቀመጥኩ፤ ያንን ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ለቀስተኛው «ይህች ማናት?» ሲል እሰማለሁ። በሕዝብ ተከብቤ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። በእህቴ አጠገብ ሳልፍ የነጠላዬን ጫፍ ያዘችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ሥራ አለብኝ እትዬ።»

«ስድስት ዓመት ሥራ ነበረብሽ።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሣልስቱ ሳይወጣ አትሂጂብኝ» አለች።

እንዴት ልሂድ? እናንተስ ብትሆኑ ትሄዱ ነበር? እዚያው አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ትንሿ በምታልፍበት ሰዓት ሰዓቴን አየሁ፤ እሑድም አየሁ። እህቴ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ኮረብታዬ ላይ ነበርኩ። ደብተሩን ስገልጠው ሦስቱ መስመሮች፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ባዶ ናቸው። ማታ ለዶክተር ላነብላቸው ነው። ቁጥሩ እንደሆነ አሥራ አራት ወር አልተለወጠም፤ በሦስት ቀን ምን ይሆናል? እስክሪብቶ አነሳሁ። ዓርብ አርባ አንድ፣ ቅዳሜ አርባ ሁለት፣ እሑድ አርባ አንድ። ቅዳሜን በአንድ ከፍ ያደረግኩት ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል። በየመስመሩ አጠገብ የምስክርን ሰማንያ ስምንት ደረደርኩ። ቀለል አለኝና ወለሉን ወለወልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዲሹን ወደ ትንሿ አዞርኩ። ሃምሳ ሰባት አለኝ።

የተሳሳትኩ መሰለኝ። ዲሹን አንስቼ እንደገና አነጣጠርኩ። ሃምሳ ሰባት። ወደ ምስክር አዞርኩት፤ ሰማንያ ስምንት፣ እንደ ወትሮዋ። ተመልሼ ወደ ትንሿ፤ ሃምሳ ሰባት።

ተነስታለች።

ለማን ልንገር? ወጣሁና ኦቦ ቶሎሳን፣ ሰማይ ላይ አንድ ትልቅ ነገር እየሆነ ነው አልኳቸው። ሽቅብ አዩና «ይዘንባል እንዴ? ጤፌ ገና አልተሰበሰበም» አሉኝ። ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ያቺ ከራሴ የጻፍኳት እሑድ ትዝ አለችኝ።

ማታ ለዶክተር አነበብኩላቸው። ከማክሰኞ ጀመርኩ። እሑድ አርባ አንድ፣ ሰኞ ሃምሳ ሰባት ስል አቋረጡኝ።

«እሑድ ስንት አልሽኝ?»

«አርባ አንድ።»

«ምስክርስ?»

«ሰማንያ ስምንት፤ አልተነቃነቀችም።»

ከዚያ እንደ ልጅ እያስረዱ ነገሩኝ። ይህቺ በአንድ ቀን እንዲህ ልትዘል አትችልም፤ ጠባብ ብትሆንም ያን ያህል ጠባብ አይደለችም። በአራት በአምስት ቀን ቢሆን ይታመናል፤ ከእሑድ እስከ ሰኞ ግን አይሆንም። ቁጥሩ እውነት ቢሆን በዓለም ላይ ላሉት ለሌሎቹ ዲሾች ዛሬውኑ ይጻፍላቸዋል፤ እነሱም ፊታቸውን ወደ እሷ ያዞራሉ። በዚህ ዝላይ ግን ቢጽፉ መሳቂያ ነው የሚሆኑት። ስለዚህ ጥፋቱ ዲሹ ላይ ያለው፣ ሞገዱን የሚይዘው መቀበያ ይሆናል አሉ። ረቡዕ ከቴክኒሻን ጋር መጥተው ይፈቱታል። ከተፈታ ደግሞ ምትክ ዕቃው ከውጭ መጥቶ እስኪገጠም ሁለት ወር ይዘጋል።

ሁለት ወር! ትንሿ እስከዚያ ተነስታ፣ ነድዳ፣ ወርዳ ልታልቅ ትችላለች። የሚያያት ከሌለ እንዳልተነሳች ነው።

ማክሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ትንሿ ሃምሳ ዘጠኝ ሆናለች። ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። ብናገር ደብተሩ ይወሰድብኛል። ከደብተሩ ሌላ ምን አለኝ? ዝም ብል መቀበያው ይፈታል፤ አሥራ አራት ወር የጠበቅኳት ነገር በእኔ ውሸት ታልፋለች። ኮረብታው ላይ ነፋሱ ዲሹን ሲመታው ያፏጫል። ያን ቀን ሙሉ እሱን ብቻ ሳዳምጥ ዋልኩ።

ረቡዕ ከሰዓት ዶክተር ሰይፈ ከቴክኒሻኑ ከዮናስ ጋር መጡ። ዶክተር አጠገባቸው አስቀምጠው አስነበቡኝ። ስድሳ። ምስክር ሰማንያ ስምንት። ዮናስ ራሱን አከከና፣ መቀበያው ቢበላሽ ምስክርም ትበላሽ ነበር አለ፤ ምናልባት ትንሿ ባለችበት አቅጣጫ አዲስ የስልክ ማማ ተተክሎ እየረበሸን ይሆናል። ከሆነ ማጣሪያ ለማስገባት ያው መፍታት ነው።

ዶክተር ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለ፣ በዚያ በኩል ሰሞኑን የተተከለ ነገር አለ?»

ነበረ። ባለፈው ሳምንት የተተከለ ማማ። በመስኮት ይታያል። መዋሸት እንኳን አላስፈለገኝም።

«አለ» አልኩ።

ዮናስ መሰላሉን አስደግፎ ወጣ። የመጀመሪያው ብሎን ላልቶ ጣሳው ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁት። ሁለተኛውም ወደቀ። ዶክተር ደብተሩን እያገላበጡ ነው። ሦስተኛው ሲወድቅ ወደ ዶክተር ሄድኩ።

«ዶክተር» አልኩ፣ «እሑድ እዚህ አልነበርኩም።»

ቀና አሉ። «ታዲያ ማን አነበበ?»

«ማንም።»

«ቅዳሜስ?»

«ማንም። ዓርብም። ቡራዩ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ሦስቱንም ሰኞ ጠዋት ነው የጻፍኳቸው። ትንሿ የተነሳችው በእነዚያ ቀናት ነው። ያለሁበትን ሐሙስንና ሰኞን ብቻ ይያዙ፤ በመሃሉ አራት ቀን ነው።»

ዶክተር በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን ቅዳሜ ላይ አሳረፉ። «እሺ፣ ይቺ አርባ ሁለት ምንድን ነች?»

«እንዳያስታውቅ ነው።»

ቢጮሁብኝ በተሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የአሥራ አራቱን ወር በምን ልመን?» አሉኝ። እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው ብል ማን ይቀበለኛል?

ለዮናስ መሰላሉን ይዘው የቆሙት ኦቦ ቶሎሳ ናቸው ጉሮሯቸውን የጠረጉት። ወደ ጥበቃ ቤቱ ሄደው የገባና የወጣ ሁሉ የሚጻፍበት የበር መዝገባቸውን ይዘው ተመለሱ። በኦሮምኛ ነው የሚጽፉት፤ ዶክተር አያነቡትምና ኦቦ ቶሎሳ ቆመው እየተረጎሙ አነበቡላቸው። አስካለ ዓርብ ጠዋት ወጣች፤ ሰኞ አራት ሰዓት ገባች። ከዚያ በፊት ዳቦ ልትገዛ ወጣች፣ በአንድ ሰዓት ገባች። ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ በስድስት ሰዓት ገባች። ገጽ በገጽ ወደ ኋላ ሄዱ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ በመለኪያው ሰዓት ከግቢ ውጭ የሆንኩት እነዚያን ሦስት ቀናት ብቻ ነበር። ሕይወቴ እንደዚያ ሲነበብ ስሰማ አፈርኩ። አንድም እንግዳ ወደ እኔ አልመጣም ነበር።

ዶክተር ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ሦስቱን መስመሮች ሰረዟቸው። «ዮናስ፣ ብሎኑን መልስ» አሉ። ወጥተው አጥሩ ጋ ቆሙ፤ በስልክ በእንግሊዝኛ ረጅም ሰዓት አወሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ግን አጠፉት።

«ቁጥሮችሽን አምኛለሁ» አሉኝ። «አንቺን ግን ከዛሬ በኋላ እዚህ ላስቀምጥሽ አልችልም። ነገ ደግሞ የትኛውን ቀን እጠራጠር ይሆን እያልኩ መኖር አልችልም።»

እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜም እውነታቸው እንደሆነ አውቄያለሁ። ወሩ ሲያልቅ ክፍሏን አስረከብኩ። ትንሿ ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ነድዳ ወረደች፤ ሌሎቹ ዲሾች ሁሉ አዩዋት። ይህን ሄለን ከጅማ ደውላ ነገረችኝ።

አሁን ሱሉልታ መሃል ከተማ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጥ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሰዎች ቅጽ ሊያስሞሉኝ ይመጣሉ። የትውልድ ቀናቸውን የማያውቁ አሉ፤ ዝም ብለሽ አንዱን ጻፊው ይሉኛል። አልጽፍም። «ባዶውን ተዉት» እላቸዋለሁ። ይከራከሩኛል፤ ቢሮው ባዶ አይቀበልም ይሉኛል፤ አንዳንዱ ተቆጥቶ ሌላ ጋ ይሄዳል። እናንተም ምን አለበት ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያን ሰኞ ጠዋት ያልኩት እሱን ነው፤ ምን አለበት። ባዶው መስመር ቢቀር ዶክተር አንዲት ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፤ ለቅሶ ላይ ነበርኩ እላቸው ነበር፤ አለቀ። ባዶ ቦታ አላየሁም ማለት ነው፤ እሱም ራሱ እውነት ነው። የተሞላው ግን ከእሱ በፊትና በኋላ ያለውን እውነት ሁሉ ይዞት ይጠፋል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

አንዳንዴ ደግሞ ቡራዩ ባልሄድ ኖሮ እላለሁ። ደብተሩ እስከዛሬ እጄ ላይ ይሆን ነበር፤ ትንሿ ስትነሳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አያት ነበር። ግን የነጠላዬን ጫፍ ማንም አይዘውም ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን አልወሰንኩም። ማታ ማታ ኮረብታው ላይ የዲሹ ቀይ መብራት ከቤቴ ደጃፍ ይታየኛል፤ አንዳንድ ቀን እሱን አይቼ እገባለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሳላይ እገባለሁ።

ሥራውን መልቀቄን ለእህቴ የነገርኳት በጋሽ ከበደ አርባ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ አልደበቅኳትም። የሚቀጥለውን ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ከሄለን ነው፤ ለሄለን የነገሯት ዶክተር ናቸው። እህቴ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ከቡራዩ ተነስታ ዶክተር የሚያስተምሩበት ግቢ ሄዳ ነበር። ቀጠሮ የለሽም ብለው አላስገቧትም፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በሩ ላይ ቆማ ተመለሰች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ዶክተር ሲወጡ አገኘቻቸው። «አትሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ለቅሶ ላይ እንደነበርኩ እንደሚያውቁ ነገሯት፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሏት። እሺ ብላ አመስግናቸው አስኮ የሚሄደውን ታክሲ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።